የመጀመሪያው የበረዶ ላይ ቤት፦ ሁለት ሰው እንዲጎትተው

ጥያቄው ይህ ነው፦ "ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሴንት ፖል ነው። ባለፈው ዊንተር የሥራ ጓደኛዬ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ ሊያጠምድ ይዞኝ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀረ። ዘንድሮ በረዶው ላይ አቁሜ የማጠምድበት የራሴን ቤት መሥራት እፈልጋለሁ። 6 በ8 ጫማ፣ አጥንቱ 2 በ4 ኢንች እንጨት፣ ግድግዳና ጣሪያው ግማሽ ኢንች ፕላይውድ፣ ወለሉ ሦስት አራተኛ ኢንች እንዲሆን አስቤያለሁ። መኪናዬ ራቭ ፎር ናት። የምንሄደው እኔና የአጎቴ ልጅ ነን፤ አንዳንዴ የሰባት ዓመት ልጄም ትመጣለች። ለሙቀት ከሰል ብንይዝ ቡናውም እዚያው ይፈላል ብለናል። ቤቱን እንዴት ላቅልለው?"

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። እኔ በእንጨት ሥራ ነው የኖርኩት። አዲስ አበባ ጀምሬ እዚህ ሚኒሶታም የያዝኩት ያንኑ ሙያ ነው። የበረዶ ላይ ቤትም ለራሴና ለወዳጆቼ ሠርቻለሁ። ከመጀመሬ በፊት በቃል እንግባባ። በረዶ የምለው ሐይቁ ላይ የረጋውን ጠጣሩን ነው። ከሰማይ የሚወርደውን፣ እዚህ ሁላችንም እንደለመድነው፣ ስኖው እላለሁ።

ከሁሉ በፊት ከሰሉን ተወው። ስለ ክብደት ከማውራታችን በፊት ይሄ ይለቅ። አገር ቤት በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው፣ ጠዋት ያልተነሱ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? የከሰል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ሽታ የለውም፣ አይታይም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው የሚያመጣው። አንተ የምትሠራው ቤት ደግሞ ከአንድ ቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም። ልጅህ ስትጨመር ጉዳዩ የባሰ ነው። ቡናውን ቤት አፍሉትና በፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ጀበናውን ካልተውን ካላችሁም ዳር ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ሥር አፍሉት። ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ፍም እንኳ እንዳይገባ።

አሁን ወደ ንድፍህ። ያሰብከውን ወረቀት ላይ ደምሬዋለሁ። በ16 ኢንች ርቀት የሚቆም ቋሚ፣ የላይና የታች ማሰሪያ፣ የጣሪያ ወራጅና የወለል ተሸካሚ ሲደመር ባለ 8 ጫማው 2 በ4 ወደ 45 ይደርሳል። አንዱ 9 ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝን እንጨቱ ብቻ 400 ፓውንድ ነው። ግማሽ ኢንች ፕላይውድ ለግድግዳና ለጣሪያ ከሰባት ቅጠል በላይ ይፈጃል። ይሄ ሌላ ከ300 ፓውንድ በላይ ነው። ወለሉ 100 ይጠጋል። በአጠቃላይ ከ800 ፓውንድ በላይ፣ በእኛ ከ360 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ገና ወንበር፣ ማሞቂያና ሰው ሳይገባበት።

ይህ ቤት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። አንተ የምትፈልገው ንፋስ የሚከልልህን ነገር ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሰፈር ያለ ቤት ጣሪያ ላይ ሲወጣበት መቻል አለበት፣ ሃምሳ ዓመት መቆም አለበት። የበረዶ ላይ ቤት ማንም አይወጣበትም። ስለዚህ ከእንጨት ውፍረት ጋር አትታገል። መጀመሪያ "ይሄ ምን ይሸከማል?" ብለህ ጠይቅ። ምንም የማይሸከመውን አውጣው።

እኔ ለመጀመሪያ የምመክርህ 5 በ6 ጫማ፣ ቁመቱ 6 ጫማ የሆነ፣ አራት ግድግዳው የሚፈታ ቤት ነው። ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ ይቀመጡበታል። አጥንቱን በ2 በ2 ሥራው። አገር ቤት ሞራሌ ከምንለው ጋር የተቀራረበ ነው፤ በስሙ 2 በ2 ይባል እንጂ ስትለካው አንድ ኢንች ተኩል በአንድ ኢንች ተኩል ነው። ባለ 8 ጫማው 4 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። እያንዳንዱን ግድግዳ ለብቻው እንደ ሥዕል ፍሬም ግጠመው። ዙሪያውን አራት እንጨት፣ መሐል አንድ ቋሚ፣ አንድ አግድም። መገጣጠሚያው ላይ ውኃ የማይፈታው ኮላ ቀባ፣ ከዚያ በቪቴ እሰረው። ሚስማር አትጠቀም። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ሚስማር ይላላል። ቪቴው ከመግባቱ በፊት ቀጭን ቀዳዳ ብሳለት፤ ይህን ያህል ቀጭን እንጨት ሳይበሳ ቪቴ ከገባበት ጫፉ ይሰነጠቃል። ማዕዘኑ ላይ ከፕላይውድ ቁራጭ የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን ለጥፍበት። ፍሬሙን ከመወላገድ የሚያድነው ይህች ቁራጭ ናት፤ ክብደቷ ከምንም አይቆጠርም።

ፍሬሙ ውስጥ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ፎም ቦርድ ገጣጥም። 4 በ8 ጫማው ቅጠል አምስት ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ከውጭ በወፍራም ውኃ የማያሳልፍ ሸራ አልብሰው። ፎም እሳት ይወዳል፤ ስለዚህ ከውስጥ እርቃኑን አትተወው፣ እሳት እንዳይዘው ተብሎ በተሠራ ስስ ሸራ ሸፍነው። ማሞቂያው በሚቀመጥበት በኩል በተጨማሪ ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ አድርግ። በላሜራውና በግድግዳው መካከል አየር እንዲያልፍ የጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ሸራውን ስትወጥር ከመሐል ጀምረህ ወደ ዳር ሂድ። ከዳር ከጀመርክ መሐሉ ይጨማደዳል፣ ጭምዳዱ ውስጥ ደግሞ ውኃ ይተኛል።

ግድግዳዎቹን ማዕዘን ላይ የምታገናኘው ዘንጉ በሚወጣ ማጠፊያ ነው። ዘንጉን ስትመዘው ግድግዳው ይላቀቃል። ዘንጎቹን በአጭር ገመድ ከፍሬሙ ጋር እሰራቸው። ስኖው ውስጥ የወደቀ ዘንግ የሚገኘው በጸደይ ነው። በዚህ ዓይነት የተሠራ ትልቁ ግድግዳ 15 ኪሎ አይሞላም። አንተ አንዱን ስትይዝ የአጎትህ ልጅ ሌላውን ይይዛል።

መሠረቱ እንደ ስሌድ፣ በረዶ ላይ እንደሚጎተት መንሸራተቻ ይሁን። ሁለት 2 በ6 እንጨት በጠባብ ጎናቸው አቁም፣ ፊታቸውን እንደ ጀልባ አፍንጫ ወደ ላይ ቆልምመህ ቁረጥ፣ ከሥራቸው የመክተፊያ ዓይነቱን ጠንካራ ፕላስቲክ ስትሪፕ ምታ። በላያቸው አግዳሚ እንጨቶች እሰር። ከመኪናህ ስትወርድ ግድግዳዎቹን መሠረቱ ላይ አጋድመህ ትጎትታለህ። ቦታህ ስትደርስ ታቆማቸዋለህ። ሁሉም ሲደመር 200 ፓውንድ ገደማ፣ 90 ኪሎ አካባቢ ነው። ጥሩ በረዶ ላይ ሁለት ሰው ያለ ጭንቅ ይጎትተዋል። የራቭ ፎርህ ጣሪያ ስንት እንደሚችል መመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ ሳታየው እንዳትጭን።

ወለል ሙሉ አትሥራ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም፣ እግር ይበርዳል ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ይበርዳል። ነገር ግን ወንበር የሚቀመጥበትና እግር የሚያርፍበት አንድ አንድ ጫማ ስፋት ያለው ሁለት ጣውላ ይበቃል። ጣውላው ሥር የተረፈ ፎም ለጥፍበት፣ ቅዝቃዜው ይሰበራል። መሐሉ ክፍት በመሆኑ ቀዳዳውን የፈለግክበት ቦታ ትሰረስራለህ፤ የወለል ቀዳዳና የበረዶ ቀዳዳ ለማገጣጠም ስትታገል አትውልም። ቀዳዳዎቹን ግን ሰው በሚመላለስበት መሐል ላይ አታድርጋቸው። ወደ ግድግዳው ይጠጉ። ልጅህ ስትኖር የማታጠምድበትን ቀዳዳ ክደነው። 8 ኢንች የሆነ ቀዳዳ የሰባት ዓመት ልጅ እግር እስከ ጭን ይውጣል።

እንጨቱን ቀንሰህ ብቻ ግን ቤቱ አይቀልልህም። ጀማሪ የማያየው ክብደት አለ። እሱም ውኃ ነው።

የመጀመሪያ ቤቴን ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ አሥር ቀን ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ንቅንቅ አልል አለ። ቀን ቀን ውስጡ ባነደድነው ሙቀት እግሩ ሥር ያለው በረዶ ቀልጦ፣ ማታ መልሶ ነክሶት ነበር። ከወንድሜ ጋር አንድ ሙሉ ቅዳሜ በዲጅኖ ስንፈለፍል ዋልን። ሲወጣም አንዱ እግሩ ሥር እንደ ክንድ የወፈረ በረዶ ተጣብቆበት ነበር። የግድግዳው ፕላይውድ የታችኛው ጠርዝ ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ኅዳር ላይ ሁለት ሆነን የጫንነውን ቤት የካቲት ላይ አራት ሆነን ነው ያወጣነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማንኛውም የበረዶ ላይ ቤት ክብደት የሚመዘነው የመጨረሻ ቀን ላይ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አድርግ። ቦታህ ስትደርስ መሠረቱን አራት የእንጨት ጉማጅ ላይ አሳርፈው፣ በረዶውን በቀጥታ አይንካ። ስትሄድ ጉማጆቹን ሐይቁ ላይ አትተዋቸው። ሁለተኛ፣ የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ሁሉ ቀለም ይጠጣ። ውኃ የሚገባው በገጹ በኩል ከሆነ ጥቂት ነው፤ በጫፉ በኩል እንደ ስፖንጅ ይመጠጣል። የፕላይውዱንም ጠርዝ እንደዚሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀባው። ሦስተኛው አየር ነው፤ ይሄኛውን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ማሞቂያህ ለቤት ውስጥ ተብሎ የተሠራ፣ ኦክስጅን ሲያንስም ሆነ ማሞቂያው ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ ትንሽ የፕሮፔን ማሞቂያ ይሁን። ለ5 በ6 ጫማ ቤት ትንሹ ይበቃል። ፕሮፔን ሲነድ ውኃ ይሠራል። አንድ ፓውንድ ፕሮፔን ተቃጥሎ ሲያልቅ ከአንድ ተኩል ፓውንድ በላይ ውኃ እንፋሎት ሆኖ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። የእናንተ ትንፋሽ ሲጨመርበት ጣሪያው መጀመሪያ ያልበዋል፣ ቀጥሎ አንገታችሁ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ አመዳይ ሆኖ ይጋገራል። ሁለት አየር ማስገቢያና ማስወጫ ይኑርህ። አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ፣ በተቃራኒ ግድግዳ ላይ። ስፋታቸውን ማሞቂያህ መመሪያ ላይ ታገኘዋለህ፤ እኔ ከዚያ አብልጬ ነው የምከፍተው። ሰው በረደኝ ብሎ እንዳይደፍነው፣ መዝጊያ አታድርግለት። እነዚህ የአየር ቀዳዳዎች ሕይወትህንም ይጠብቃሉ፣ ቤትህንም ያደርቃሉ። ከዚያ በላይ ባትሪ የገባበት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ስቀል። ብርድ ባትሪን ስለሚያደክም በሄዳችሁ ቁጥር ቁልፉን ተጭነህ ጩኸቱን ስማው። ማሞቂያ አብርቶ እዚያ ማደር ለመጀመሪያ ዓመት ይቅርባችሁ።

በሩ 24 ኢንች ስፋት ይበቃዋል። ከበረዶው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይጀምር። ንፋስ ስኖው ሲከምርበት ያኔ ነው የምታመሰግነኝ። ከውስጥም ከውጭም ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። በዊንተር እዚህ ብዙውን ጊዜ ንፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ በሩን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙረው።

ቀላል ቤት የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱም ንፋስ ነው። በሰዓት 40 ማይል የሚነፍስ ንፋስ 6 በ6 ጫማ የሆነውን ግድግዳህን ከ140 ፓውንድ በላይ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። ቤቱ 200 ፓውንድ ነው፣ የቆመውም እንደ መስታወት በሚያንሸራትት በረዶ ላይ ነው። ስለዚህ በረዶ ውስጥ እንደ ቪቴ የሚገቡ መልሕቆች ግዛ፣ አራቱንም ማዕዘን በገመድ እሰር። መልሕቁን ቤቱን ከማቆምህ በፊት ትከል። አንዱን ግድግዳ ይዘህ ንፋስ ከመጣብህ በኋላ የሚሰረስር እጅ አይኖርህም። የግድግዳውን የታች ዙሪያ ስኖው ክመርበት፤ ንፋስ ከሥር እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሙቀትም ይይዛል።

አሁን በረዶው ራሱ። የሚኒሶታው ዲኤንአር፣ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ፣ ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች ጥሩ በረዶ ያስፈልጋል ይላል። ጥሩ የሚባለው ጥርት ያለው፣ ጠቆር የሚለው ነው። ነጩ በረዶ፣ ስኖው ረጥቦ የረጋው፣ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ ውፍረቱን እጥፍ አድርገህ ፈልግ። እናንተ ግን ሰው ብቻ አይደላችሁም። ሁለት አዋቂ፣ ልጅ፣ ቤት፣ ዕቃ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል። እኔ ከ6 ኢንች በታች ቤት አላቆምም። መኪናዋን ዳር ላይ አቁማት። ቤቱን ያቀለልነውም ለዚሁ ነው።

ስትሄድ ዲጅኖ ይዘህ ከፊትህ እየወጋህ ሂድ። በአንድ ምት ውኃ ካወጣ፣ በመጣህበት እግርህን ሳታነሳ ተመለስ። በየ150 ጫማው ሰርስረህ በሜትር ለካ። ወንዝ የሚገባበት፣ ድልድይ ሥር፣ ሁለት ሐይቅ የሚገናኝበት ጠባብ ቦታ፣ ከታች ምንጭ ያለበት፣ እነዚህ ጥር ውስጥም ይሳሳሉ። ተቀምጣችሁ ሳለ ደግሞ ከቀዳዳው ውኃ ወደ ላይ እየፈሰሰ ወለሉን ማርጠብ ከጀመረ በረዶው ከክብደታችሁ ሥር እየረገበ ነው ማለት ነው። ያኔ ዓሣውን ትታችሁ ቤቱን አንቀሳቅሱ። ሁላችሁም ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ልበሱ፣ ውኃ ውስጥ ከገባችሁ በረዶውን ወግታችሁ የምትወጡበት ሁለት ሹል የበረዶ መውጊያ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉ። ልጅህን ጨምሮ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። የሚፈታና የሚታጠፍ ቤት አጠገቡ እስካለህ ድረስ የቤት ፈቃድ አይጠየቅበትም። ከ200 ጫማ በላይ ርቀህ ትተኸው ከሄድክ ግን ያስፈልገዋል። ስምህና አድራሻህ፣ ወይም የመንጃ ፈቃድ ወይም የዲኤንአር ቁጥርህ፣ ቢያንስ 2 ኢንች በሆነ ፊደል ውጭው ላይ ይጻፍ። የሚያድር ከሆነ በየጎኑ የሚያንጸባርቅ ነገር ይለጠፍበት። መጋቢት ላይ ቤቱ ከሐይቁ የሚነሳበት የመጨረሻ ቀን አለ፤ ደቡቡ ቀደም ይላል፣ ሰሜኑ ይዘገያል። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድህ ለብቻው ነው። የዘንድሮውን ደንብ ከዲኤንአር መጽሐፍ ላይ አንብብ፤ በየዓመቱ የሚሻሻል ነገር አይጠፋም።

ሠርተህ ስትጨርስ በቀጥታ ሐይቅ አትሂድ። አንድ ምሽት ግቢህ ውስጥ፣ ጨለማ ላይ፣ የራስ ባትሪ አስረህና ወፍራም ጓንት አድርገህ ከአጎትህ ልጅ ጋር አቁሙት፣ ከዚያ አፍርሱት። በጓንት የማይያዝ ዘንግ ካለ፣ በትንሽ ገመድ ቀለበት ጫፉን አስረዝመው። ግድግዳዎቹ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለህ በትልቁ ጻፍ። ከ15 ደቂቃ በላይ ከወሰደባችሁ የቱ ጋ እንደተያዛችሁ ያዝና ጻፍልኝ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ማጠፊያዎቹ እኩል ባለመለካታቸው ነው፣ ያንን ከፎቶ ላይ አይቼ ልነግርህ እችላለሁ።